አጎዛው

ያስና ልጄ መጣች፣ በሰኔ፣ በዝናብ፣
ጀልባው ቀን ዘግይቶ ሲደርስ ኬዮን ወደብ፤
በግራ እጇ ሻንጣ፣ በቀኝ እጇ ገመድ፣
ከገመዱም ጫፍ ላይ፣ ውሻ፣ የሚያህል ግንድ።
“ፒሮ ነው፣ አባዬ፤ ገራም ነው፣ አትፍራ፣
ከመላስ በስተቀር የለውም ሌላ ሥራ።”

እኔ እሱን መች ፈራሁ! የፈራሁት የኔን፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀ ቤቴን፤
ካኔሎን፣ ቀዩን፣ ያንድ ጆሮ ጌታ፣
ከምድጃው አጠገብ በሩን የሚያይ ማታ።

“ውሻ በበላበት ይጮኻል” ይሉ የለ፤
የኔው ግን አልጮኸም። ቆመ። ዝም አለ።
ጅራቱ ተገተረ፣ ከንፈሩ ተሸበሸበ፣
ከሆዱ ሥር አንድ ድምፅ እንደ ሩቅ ሞተር ተሳበ።
ከዚያማ፣ ምን ልበል?
ሾርባው ወለል ላይ ነው፣ ወንበሩ በጀርባው፣
ፀጉሩ የሁለቱም፣ ጩኸቱ የልጄ ነው፤
መጥረጊያ አነሳሁ፣ የኔን ልለው ጀርባ፣
ኦቲሊያ ጎረቤቴ በጓሮ በር ስትገባ፤
እጇ ድንች ድንች እየሸተተ፣ የጀልባዬን ሳንቃ
በመካከል ሰካች፣ እንደ በር አጥብቃ።

“ተው፣ ሮሳሜል፣ አትምታው” አለች ሳትቆጣ፣
“ማጉረምረም ቋንቋው ነው፤ ‘ራቁኝ’ ነው የሚለው፣ ቃል አጥቶ ቃል ሲያወጣ፤
ቋንቋውን ነጥቀኸው በዱላ ብትዘጋው፣
የሚቀረው ጥርሱ ነው፤
ነገ ሳይናገር ነው የሚናከሰው።”

እንግዳ ባንድ ቀኑ ወርቅ ነው ይላሉ፤
የኛው ብር ሳይሆን ብረት ሆኖ አደረ። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤
አንዱ በጀልባ መሥሪያው፣ አንዱ በቤቱ ውስጥ፣
በሳንቃው ስንጥቅ በኩል ሽታ ሲለዋወጥ።

ጠዋት ባሕሩ ሸሽቶ፣ አሸዋው ሲራቆት፣
ወሰድናቸው ሁለቱን፣ የማንም ወዳልሆነ መሬት፤
ልጄ በውሃው በኩል፣ እኔ በድንጋዩ፣
ፊት ለፊት ሳይሆን፣ ጎን ለጎን፣ ሳይተያዩ፤
በመካከላችን አንድ ጀልባ ስፋት፣ ኋላ ግማሽ ጀልባ፣ ኋላ አንድ መቅዘፊያ።
“ገመዱን አላላው” አለች ኦቲሊያ፤
“ፍርሃትህ በገመዱ ወርዶ ነው የሚደርሰው፤
አንተ ስትጨብጥ ነው፣ ‘ጠላት አለ’ የሚለው።”

ጣቴን ፈታሁ። አንድ በአንድ።
አርባ ዓመት መዶሻ የያዘ ጣት
ፍታ ሲሉት አይፈታም።

ፒሮ ከአንድ የበሰበሰ ምሰሶ ሥር እግሩን አነሳ፤
ካኔሎ አሸተተ፣ እሱም በተራው አነሳ።
በነሱ አገር ይህ ውል መፈራረም ነው መሰለኝ።
ያስና ሳቀች።

ቤት ስንመለስ እንግዳው ቀድሞ ገባ፣ በሩ በሰፊው ተከፍቶ፤
ሳህኑ ተነስቶ፣ አጥንቱ ተሰብስቦ፣ ኳሱም ከዓይን ጠፍቶ።
ሁሉም ደህና ነበር። እስከ ምድጃው ድረስ።
እዚያ ካኔሎ ቆመ፣ እንደ ትናንት፣ ሳይተነፍስ፤
ከእግሩ ሥር የኤዴልሚራ አጎዛ፣
እሷ ከሄደች ወዲህ ማንም ያላነሳው፣ ቅርጿን እንደያዘ፣ እንደወዛ።

ያን ጊዜ ገባኝ።
ቤቱን አልነበረም የሚጠብቀው።
አጥንቱንም አይደል።
እኔም አብሬው ነበርኩ፣ ሁለት ክረምት፣
መጥረጊያዬን በዙሪያው እያዞርኩ፣
ሳላጉረመርም።

ጎንበስ አልኩ። ጠቀለልኩት።
ከሥሩ አንድ የፀጉር መያዣ፣ ሦስት የአተር ፍሬ፣
የቀይ ክር ቁራጭ።
ያስና ምንም አላለችም፤
ሻንጣዋን ከፈተች፣ ሹራቦቿን ገፋ ገፋ አድርጋ
ቦታ ለቀቀችለት።

ታረቁ ብል ውሸት ነው።
ዛሬም ሳህናቸው ለየብቻ ነው፣ በር ተዘግቶ፤
አንዱ ሲያልፍ ሌላው ፊቱን ያዞራል፣
ብድር እንዳለበት ሰው።
የአጎዛው ቦታ ግን፣ ፀሐይ ያላገኘው ሳንቃ፣
እንደ አዲስ ጀልባ ቀላ ብሎ ይታያል፤
አንዳቸውም አይተኙበትም።
እኔ ዛሬ ጠዋት ካልሲዬን አውልቄ
ትንሽ ቆሜበት ነበር።
ይሞቃል።